የአንጋጫው ወፍጮና ባሕር የተሻገረው ወዳጄ

ባለፈው ዓመት የእህቴ የልጅ ልጅ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ መጥቶ ምሳ ስንበላ ሥራውን ጠየቅኩት። ጠበቃ ነው። «የንግድ ውድድርና የውጭ ኢንቨስትመንት ላይ ነው የምሠራው፣ አባባ» አለኝ። «አንድ ነጋዴ ገበያውን ብቻውን እንዳይዘው፣ የውጭ ሰውም ያልተፈቀደለት ሥራ ውስጥ በሌላ ሰው ስም እንዳይገባ የሚመረመርበት ነው። እዚህ አገር ገና አዲስ ሙያ ነው።»

ሳቅኩ። «እኔ እኮ በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ላይ፣ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ከነበረው ባሕር ዛፍ ሥር፣ በአንዲት ጠረጴዛና በአንድ የጽሕፈት መኪና ሠርቼዋለሁ» አልኩት። በትሕትና ፈገግ አለ። የተማረ ልጅ ያልተማረ ሽማግሌን ሲያዳምጥ የሚያሳየውን ፈገግታ አውቀዋለሁ። ይህን መጻፍ የጀመርኩት ለዚያ ፈገግታ መልስ ለመስጠት ነበር። ብዕሩ ግን ሳላዘው ወደ አንድ ሰው ሄደ። ይሂድ፤ ከናፈቀኝ ብዙ ጊዜ ነው።

የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ሌሎች ሲዘምሩ የመዝሙር መጽሐፉን በጣቴ እየተከተልኩ ነው። ከዚያ ፍርድ ቤት ተላላኪ ሆኜ ተቀጠርኩ፤ መዝገብ ከክፍል ክፍል እያመላለስኩ በር ላይ ቆሜ ክርክር ሰማሁ። ሕግን ራሱን ያገኘሁት ግን ስኳር ስገዛ ነው። አንድ ቀን የገዛሁትን ስኳር ቤቴ ገልብጬ ወረቀቱን ሳየው የነጋሪት ጋዜጣ ቅጠል ነው። ወዲያው ወደ ሱቁ ተመለስኩ።

ባለሱቁ የመናዊ ነበር። ከተማው «ዐረቡ» ነው የሚለው። በልጅነቱ ከአጎቱ ጋር ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ ሆሳዕና ላይ አድጎ፣ የሀዲያ ሴት አግብቶ ወልዷል። ሀዲይኛውን ከጀርባ የሰማች የጊምቢቹ ቅቤ ነጋዴ ዞራ ፊቱን ስታይ ትደነግጥ ነበር።

«ይኼ ወረቀት ከየት ነው የመጣው?» አልኩት።

«ከአዲስ አበባ በኪሎ ይመጣል። ምነው፣ ስኳሩ አነሰብህ?»

«ስኳሩን መልሰህ ውሰደው፤ ወረቀቱን ስጠኝ።»

ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሕግ ቅጠል ሲያገኝ መደርደሪያው ሥር እያስቀመጠ ይጠብቀኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ብዙ ጊዜ ስኳር ተጠቅልሎባቸው ስለሚያልቁ፣ እስከ ዛሬ ድረስ አንዳንድ አዋጅ የማውቀው ከሰባተኛው አንቀጽ ጀምሮ ነው። ከሰባት በታች ያለው የሆሳዕናን ሕዝብ ሻይ አጣጥሞ ጠፍቷል። ከሰባት በላይ ባለው ግን ማንም አይደርስብኝም ነበር።

አብዮቱ ሲመጣ የንግዱ ሕግ ተገለበጠ። አንድ ሰው ከአንድ ፈቃድ በላይ መያዝ አይችልም ተባለ፤ እህል ከወረዳ ወረዳ ሲሻገር ኬላ ላይ ይያዝ ጀመር፤ የውጭ ዜጋ የንግድ ፈቃድም አልታደስ አለ። ነጋዴው ሁሉ ግራ ሲገባው እኔ ተላላኪነቱን ትቼ ባሕር ዛፉ ሥር ጠረጴዛ ዘረጋሁ። ከሙዱላ ጨው ነጋዴ፣ ከዱራሜ ቆዳ ነጋዴ፣ ከጊምቢቹ ሻንጣውን ይዞ የሚመጣ ጨርቅ ነጋዴ እኔ ዘንድ ወረፋ ይይዝ ነበር። ችሎት የመቆም ፈቃድ አልነበረኝም፤ ሰው ግን «ጠበቃው» ነው የሚለኝ። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች የጻፉት ማመልከቻ ተመልሶ የእኔው የተፈረመበትን ጊዜ መቁጠር ትቻለሁ።

ወዳጄ ግን ሱቁን ዘጋ። ፈቃዱን ሲከለክሉት እኔ ልከራከርለት ስል «ተወው፣ ደክሞኛል» አለኝ። ሚስቱ ሞታበት ነበር። ሱቁ ባዶ ሆኖ በረንዳው ቀረ። ሥራ ስጨርስ ወደዚያ በረንዳ እሄዳለሁ። ሻይ ውስጥ ዝንጅብል ቀጥቅጦ ይጨምራል፤ እኔ የቀኑን ማመልከቻ አነብለታለሁ፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያምረው በሀዲይኛ «ድገመው» ይላል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አወድሶኛል፤ «ድገመው» ያለኝ ግን የለም።

ልጁ የጭነት መኪና ነበረው፤ የተፈቀደለትን አንድ ፈቃድ የያዘው ለመኪናው ነው። ያገባት የአንጋጫ ልጅ፣ የከምባታ ልጅ ናት። በሰርጓ ጊዜ፣ አብዮቱ ከመምጣቱ በፊት፣ ወዳጄ አንድ የወፍጮ ሞተር ስጦታ ሰጣት። እሷም አንጋጫ አባቷ ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ቤት አሠርታ ተከለችው፤ ሕጉ ሲወጣ ፈቃዱን በራሷ ስም አወጣች። ወፍጮው የእሷ ነበር። ይህን የምለው ጠበቃዋ ስለነበርኩ አይደለም፤ እውነት ስለነበረ ነው።

ከዚያ በፊት አንጋጫ አንድ ወፍጮ ብቻ ነበር። ባለቤቱ ሴቶቹን እህል አሸክሞ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ፀሐይ ላይ ያቆማቸው ነበር። የደፈረች ብትጠይቅ «ከቸኮልሽ በድንጋይ ፍጪ» ይላል። ሁለተኛው ወፍጮ በተተከለ በሳምንቱ ያ ሰው ወለሉን ጠረገ፣ ዳስ ሠራ፣ «እንደምን አደራችሁ፣ እናቶቼ» ማለት ጀመረ። አንጋጫ በዚህ ስትስቅ ከረመች። እሱ ግን አልሳቀም። ለአውራጃው ክስ ጻፈ፦ ወፍጮው የሴትዮዋ አይደለም፣ የውጭ ዜጋ በምራቱ ስም ተደብቆ የሚነግድበት ነው አለ።

ክሱን ሳነበው የተጻፈው በደካማ እጅ መሆኑን ወዲያው አወቅኩ። ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። ጉዳዩን የሚያየው የአውራጃው ኮሚቴ «የዐረቡ ነው» ካለ ወፍጮው መታሸጉ ብቻ አልነበረም፤ ያለፈቃድ የነገደ የውጭ ዜጋ የመኖሪያ ፈቃዱ አይታደስም። ወዳጄ ከስድስት ዓመቱ በኋላ አይቶት ወደማያውቅ አገር ይሄዳል ማለት ነው።

«አትስጋ» አልኩት በረንዳው ላይ። «ይህን መዝገብ ተኝቼ እረታዋለሁ።»

«እንድትተኛ አልፈልግም» አለኝ። «እኔ እዚህ መሞት ነው የምፈልገው። ሚስቴ አጠገብ ቦታ አለኝ።»

ማመልከቻዋን ተኝቼ አልጻፍኩትም። እንዲያውም ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ስለ ስጦታው፣ ስለ ፈቃዱ ጻፍኩ፤ በመጨረሻም ማንም በዚያ አገር ጽፎት የማያውቀውን ጨመርኩ፦ «ወፍጮ አንድ ብቻ በሆነበት ከተማ ጌታው ወፍጮው ነው፤ ሁለት በሆኑበት ግን ጌታዋ እህል የተሸከመችው ሴት ናት።» ወዳጄ ይህን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ለምራቱም የሚጠየቀውን ሁሉ አስጠናኋት። መቼ ተሰጠሽ? መቼ ተከልሽ? ፈቃዱን ማን አወጣ? አንዱንም አልሳተችም።

አንድ ነገር ብቻ ረሳሁ። የረሳሁትም ስለማላውቀው አይደለም፤ እንደ ትንፋሼ ስለማውቀው ነው።

በእኛ አገር ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ከምባቶች «ባሊሻ» ይሉታል፤ እኛ ሀዲያዎችም ዘንድ አለ። ፊቱንም ቀና ብላ አታየውም። ስሙ የግድ ካስፈለገ አጠገቧ ያለ ሰው ይጠራላታል፤ ገበያም ላይ ይሁን ለቅሶ ቤት፣ ምራት ስም ላይ ስትደርስ ዝም ትላለች፣ የቀረበው ሰው ቃሉን ያቀብላታል፣ ወሬው ይቀጥላል። ማንም ልብ አይለውም። እናቴ እስክትሞት የአያቴን ስም ስትጠራ አልሰማሁም። ይህች የአንጋጫ ልጅ ደግሞ ለዐረብ አማቷ ይህን ማድረግ የሚያስገድዳት አልነበረም። ወዳጄ ራሱ ይስቅባት ነበር፦ «እኔ የባሕር ማዶ ሰው ነኝ፤ ስሜን ብትጠራ ሰማይ አይወድቅም በሏት።» እሷ ከጓዳ ሆና «ሰማዩ አይወድቅም፤ እኔ ግን እወድቃለሁ በሉልኝ» ብላ መለሰች።

ጉዳዩ ሆሳዕና አዳራሽ ውስጥ ተሰማ። ከጠረጴዛው ኋላ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፦ ከአዲስ አበባ የተመደበው ሊቀመንበር፣ አንድ የንግድ ቢሮ ሰው፣ አንድ ደግሞ የአገራችን ልጅ። እኔ ከኋላ አግዳሚ ላይ ነኝ። ባሏ በጭነት ሥራ ርቆ ነበር። ወዳጄ ውጭ እንዲጠብቅ ተነግሮታል።

«ሞተሩን ማን ሰጠሽ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«የባለቤቴ አባት ናቸው፣ ጌታዬ።»

«ስም የላቸውም?»

«አላቸው።»

«እኮ፣ ማን?»

ዝም አለች። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች።

«ሴትዮ፣ ሞተር የሰጠሽን ሰው ስም አታውቂውም?»

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ የምትደብቂው ምንድን ነው?»

ቃሉን የሚያቀብላት ሰው ፈልጋ ዞር ዞር አለች። እኔም፣ እግዜር ይመስክር፣ ሳላስበው፣ ለቅሶ ቤት ብሆን እንደማደርገው፣ ከኋላ ሆኜ የወዳጄን ስም ከነአባቱ ጮክ ብዬ ጠራሁላት።

ሊቀመንበሩ ቀና አለ። «ማነህ አንተ?»

«ማመልከቻዋን የጻፍኩላት ነኝ።»

«መልሱንም አንተ ነህ የምትመልስላት? ይሄው ጓዶች፣ ምስክሯ ከነአሠልጣኟ ነው የመጣችው!»

ከተሰበሰበው ሰው ማን እንደሳቀ አላውቅም፤ ሳቁ ግን እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ስለ ባህሉ ለማስረዳት ብድግ አልኩ። «ባህሉን ለባህል ክፍል ንገር» አለኝ። በሁለቱ መካከል የተቀመጠውን የአገራችንን ልጅ አየሁት። እናቱ የአማቷን ስም ጠርታ የማታውቅ ሰው ነው። ወረቀቱን አቀረቀረበት። አልፈርድበትም፤ ጊዜው የማቀርቀር ጊዜ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ብቀመጥ፣ ይቅርታ ብል ኖሮ ምናልባት ቀጠሮ ይሰጡን ነበር። ግን ሊቀመንበሩ አንድ አንቀጽ ጠቀሰ፤ የጠቀሰውም የተሳሳተ ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት በሰው ሁሉ ፊት፣ «እርስዎ ያነበቡት አንቀጽ ስለ ጭነት መኪና ነው። የወፍጮው ከሁለት አንቀጽ በኋላ ነው።»

ትክክል ነበርኩ። ዛሬም ትክክል ነኝ። ገልጦ አየ፣ ፊቱ ጠቆረ፣ መጽሐፉን ዘጋ። ማመልከቻዬን አንስቶ ያቺን የወፍጮና የጌታ ዓረፍተ ነገር ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበባትና «ይኼ የካፒታሊስት ቅኔ ነው» አለ። ወፍጮው የውጭ ዜጋው ነው ተብሎ ተወሰነ። በሳምንቱ ታሸገ። የወዳጄም ወረቀት አልታደሰም።

የሄደ ቀን አውቶቡስ መናኸሪያ የሸኘነው ልጁ፣ ምራቱና እኔ ነን። ልጁ ዕቃውን አውቶቡሱ ላይ ያስጭናል። ምራቱ በቅቤ የታሸ በሶ በጨርቅ ቋጥራ፣ ፊቷን ዘወር አድርጋ፣ ለእኔ ሰጠችኝ። «ጋሼ፣ መንገድ ላይ እንዳይርባቸው በሉልኝ» አለች። እንባዋ ነጠላዋን አርሶታል። እሱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ሰማት።

«ንገራት» አለኝ። «ይህን ያህል ዘመን ነግጄ ካተረፍኩት ሁሉ ስሜን ለመጥራት የምትሳሳ ምራት ትበልጥብኛለች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። «አንተ ግን፣ አንተ ጉደኛ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ጮኸህ ጠራኸኝ!»

«እረታዋለሁ» አልኩት። «ይግባኝ እላለሁ።»

«አውቃለሁ ትረታዋለህ» አለ። «ቶሎ በል ብቻ።»

አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ቆምኩ። ከዚያ እግሬ ወደ በረንዳው ወሰደኝ። የሱቁ በር ላይ አዲስ ሰንሰለት ነበር።

ይግባኙን ለብቻዬ ጻፍኩት፤ የሚሰማኝ ስላልነበረ ለባሕር ዛፉ አነበብኩለት። ሦስት ሽማግሌዎች አስፈረምኩ፦ አንድ ሼክ፣ አንድ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ አንድ ከአንጋጫ የመጡ የዕርቅ አባት። ሦስቱም ስለ ባሊሻ አንድ ዓይነት ቃል ሰጡ። እኔም እንዲህ ብዬ ተከራከርኩ፦ ይህች ሴት ስሟን ለሌላ ሰው ያዋሰች ብትሆን ኖሮ፣ የሰውየውን ስም እንደ ማንኛውም ነጋዴ ስም ትጠራው ነበር። ዝም ማለቷ አማቷ ለመሆኑ፣ ሞተሩም የሰርግ ስጦታ ለመሆኑ ምስክር ነው። ኮሚቴው መደበቂያ ያለው ዝምታ ራሱ ማስረጃዋ ነው። የእህቴ የልጅ ልጅ ከነዲግሪው እንዲህ ያለ ክርክር አምጥቶ ከሆነ ያሳየኝ።

አዲስ አበባ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጨረሻ የተቀበሉኝ ሰው መነጽራቸውን አውልቀው «ይህን የጻፈው የት የተማረ ነው?» አሉ። «ስኳር ቤት» አልኳቸው። አልገባቸውም፤ ፈረሙ ግን። ወፍጮው ተከፈተ። አንጋጫ የገበያ ቀን ነበር፤ ሞተሩ ሲነሳ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ያኛው ባለወፍጮም በማግስቱ ዳሱን አደሰ። ስለ ወዳጄ ግን ደብዳቤው የሚለው አንድ መስመር ነው፦ ከአገር የወጣ ሰው ካለበት ሆኖ ሊያመለክት ይችላል።

የውሳኔውን ግልባጭ ላኩለት። መልሱ ሲመጣ በዐረብኛ ነበር፤ ሌላ ሰው ነው የጻፈለት። ይዤው ወደ መስጊድ ሄድኩ፤ እዚያ ልጆችን ቁርአን የሚያቀሩት መምህር አነበቡልኝ። ወዳጄ በውሳኔው ደስ ብሎታል። ዝናቡ ገብቷል ወይ ብሎ ጠይቋል። ከዚያ ችግሩን ጽፏል፦ ያጎቱ ልጆች የአባቱን መሬት ይዘው «አንተ ሐበሻ ነህ፣ እዚህ ምንም የለህም» ብለውታል። ቃዲው የዚያ አገር ሰው ስለመሆኑ በጽሑፍ ያስረዳ ብሎታል። የሚያድርበት በሰው ቤት ነው። «ለጠበቃው ንገሩት» ይላል መጨረሻው፤ «እዚህ ሁሉም ስሜን ይጠራል፤ የሚያውቀኝ ግን የለም።»

ለዚያ ሰው ማመልከቻ የሚጽፍለት ሌላ ሰው ሊኖር አይችልም። በማግስቱ መምህሩ ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ።

«ዐረብኛ አስተምሩኝ» አልኳቸው።

አዩኝ። «አንተ ጴንጤ፣ ልትሰልም ነው?»

«ማመልከቻ ልጽፍ ነው።»

ሁለት ክረምት ተማርኩ። ፀጉሬ ሸብቶ ከልጆች ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ የከተማው ሰው እስኪበቃው ሳቀ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም ጠርተው መረመሩኝ፤ እነሱንም ረታኋቸው። ከዚያ ማመልከቻውን በራሴ እጅ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ጻፍኩ። መምህሩ ሲያርሙት ሁለት ቃል ብቻ ነው የነኩት።

እንዲህ የሚል ነበር፦ አመልካች የዚያ አገር ተወላጅ ናቸው። አባታቸው፣ አያታቸው እዚያ የተቀበሩ ናቸው። በልጅነታቸው ወጡ እንጂ አገራቸውን አልለቀቁም። ሆሳዕና የቆዩት እንደ እንግዳ ነው፤ የሆሳዕና መንግሥት ራሱ የውጭ ዜጋ ናቸው ብሎ ወስኗል፣ ውሳኔውም ተያይዟል። ያን የረታኝን ውሳኔ ማስረጃ አድርጌ አያያዝኩት። እያንዳንዱ መስመር የሚስቱን መቃብር፣ በረንዳውን፣ ሀዲይኛውን እየካደ ነው የሚሄደው። ካልካደ መሬቱን አያገኝም፤ ካገኘ ደግሞ አይመለስም።

የወዳጄ ልጅ በሚያውቃቸው፣ አሰብ በሚመላለሱ ሾፌሮች በኩል ላከው። ይድረስ አይድረስ አላወቅንም። መልስ አልመጣም፤ ኋላ መንግሥት ተለወጠ፣ መንገዱም ተዘጋ፣ ከሾፌሮቹም የተመለሰ የለም። ልጁ አንዳንዴ ይመጣና «ጋሼ፣ አባቴ ረትተው ይሆን?» ይለኛል። «ረትተናል» እለዋለሁ።

በሕይወቴ እንድረታ ያልፈለግኩት ማመልከቻ ያ ብቻ ነው። አበላሽቼ ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።